ያላመኑበት እውነት

የእህቴ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ናት። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ተቀምጠን እሷ የፊዚክስ መልመጃዋን ትሠራለች፤ እኔ ጋዜጣ አነባለሁ። (እውነቱን ለመናገር ጋዜጣው ውስጥ የተደበቅሁት እንዳትጠይቀኝ ነው። የሥነ ጽሑፍ ሰው ከፊዚክስ ጋር ያለው ዝምድና የሩቅ ነው።) መልመጃው እንዲህ ይላል፦ ሐይቅ ላይ የቆመች ጀልባ በ20 ሰከንድ ውስጥ 10 ጊዜ ከፍ ዝቅ ብትል፣ ከአንዱ የሞገድ ጫፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀትም 6 ሜትር ቢሆን፣ የሞገዱ ፍጥነት ስንት ነው? አፍታም አልፈጀባት። 10ን ለ20 አካፈለች፣ በ6 አባዛች፣ 3 ሜትር በሰከንድ ብላ ጻፈች። ቀጥሎ እውነት ወይም ሐሰት የሚል አለ፦ ሞገድ ቁስን ከቦታ ቦታ ያጓጉዛል። “ሐሰት” አለች። ሁለቱንም አገኘች።

“ታዲያ በሰከንድ 3 ሜትር የሚሄደው ምኑ ነው?” አልኳት፣ እንዲያው ለወሬ ያህል።

“ውሃው ነዋ!”

“አሁን ሐሰት አላልሽም እንዴ?”

“እሱማ መልሱ ሐሰት ስለሆነ ነው፣ ጋሼ።”

ይቺ መልስ ከጆሮዬ አልወጣ አለች። ቅዱስ አውግስጢኖስ ስለ ውሸት በጻፈው ድርሳን፣ ሰውን ውሸታም የሚያሰኘው የነገሩ ሐሰት መሆን ሳይሆን የአንደበትና የልብ መለያየት ነው ይላል። እውነት መስሎት የተሳሳተ ነገር የተናገረ አልዋሸም። ሐሰት መሆኑን እያመነ ሌላውን ለማሳሳት የተናገረ ግን፣ ነገሩ በኋላ እውነት ሆኖ ቢገኝ እንኳ፣ ዋሽቷል። የእህቴ ልጅስ ምን ልትባል ነው? እጇ የጻፈው እውነት ነው፤ ልቧ የያዘው ሌላ ነው። ማንንም ለማታለል አላሰበችም፤ የተጠየቀችውን ነው የሰጠችው። እንዲያውም ሙሉ ማርክ ታገኝበታለች። እኔ ጥፋቱን የማየው ጠያቂው ዘንድ ነው።

ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ሐይቁ ላይ ያለው ማዕበል ነው፤ ደብተሯ ላይ ያለው ዌቭ ነው። ሁለቱ ተዋውቀው አያውቁም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፕላዝማ የምንለው የሳተላይት ትምህርት ክፍል ውስጥ ሲገባም ያው ነበር፤ ስክሪኑ እጁን ያወጣ ልጅ አይታየውም። የ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ኩረጃን ለመከላከል ሲባል በጥቅምት 2015 ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ሲፈተኑ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመት 3.2። ሁሉንም በኩረጃ ማሳበብ አይቻልም፤ የመጽሐፍ እጥረትም፣ ጦርነትም አለበት። ግን ያላመኑበትን መልስ ከሌላ ሰው ወረቀት ላይ መገልበጥና ያላመኑበትን መልስ ከራስ ጭንቅላት ላይ መገልበጥ ምን ያህል ይራራቃሉ? እኔም እጄ ንጹሕ አይደለም። ሳስተምር በነበረበት ዘመን ማስታወሻዬን ቃል በቃል ለመለሰልኝ ተማሪ ኤ ሰጥቻለሁ። ልብ ወለዱን ሁለት ጊዜ አንብቦ “ይህን ትንታኔ አልተቀበልኩትም” ብሎ ለጻፈው ሲ።

ወደ ሐይቁ እንመለስ። ውሃው ላይ ባዶ ሃይላንድ ይንሳፈፋል። “እይው፣ ሞገዱ ከሥሩ እያለፈ ጥሎት ነው የሚሄደው” አልኳት። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ የውሃን ሞገድ ነፋስ እህል ማሳ ላይ ከሚሠራው ሞገድ ጋር ማመሳሰሉ ትዝ አለኝና ወደ ጤፍ አዞርኩት፤ ነፋስ ሲመጣ ማሳው ከዳር እዳር የሚሮጥ ይመስላል፤ ጤፉ ግን ሥሩን ይዞ እዚያው ነው። በምሳሌዬ ኮራሁ።

ልጅቱ ጠርሙሱን ትክ ብላ ስታይ ቆየችና “እየመጣ ነው እኮ” አለች። እውነትም ቀስ እያለ ወደ እኛ ይጠጋል። “እምቦጩስ? ከቦታ ቦታ አይሄድም?” ብላ ጨመረች። ለዚህ የጤፍ ማሳዬ አልበቃም።

“ያየሽውን ሣይው” አልኳት። ሁለት ግራፍ ሠራች። በአንዱ የጠርሙሱን ከፍታ ከጊዜ ጋር አደረገች፤ መስመሩ ይወጣል፣ ይወርዳል። በሌላው ከዳር ያለውን ርቀት ከጊዜ ጋር አደረገች፤ መስመሩ ወደ ዜሮ ቀስ ብሎ ያዘቀዝቃል። ጠርሙሱ አንድ፣ ግራፉ ሁለት። በዓይን ግምት በሁለት ደቂቃ የመጣው 12 ሜትር ያህል ነው፤ በሰከንድ 10 ሳንቲ ሜትር። በዚያው ሁለት ደቂቃ መልመጃው ላይ ያለው ሞገድ 360 ሜትር ይሄድ ነበር። እዚህ ላይ ራሷ፣ ማንም ሳይነግራት፣ “ሞገዱ ቢሸከመው ኖሮማ አብረው ይደርሱ ነበር። የሚገፋው ነፋሱ ነው” አለች። ከሐይቁ ወደ የብስ የሚነፍሰው የከሰዓቱ ነፋስ ጋዜጣዬን ከእጄ ሊነጥቀኝ ይታገል ነበር።

ለማንኛውም ብዬ አንድ የፊዚክስ መምህር ወዳጄ ዘንድ ደወልኩ። ሳቀ። ነፋሱ ዋነኛው ነው፤ ነገር ግን እውነተኛ የውሃ ሞገድ ራሱም ባለፈ ቁጥር የተንሳፈፈውን ነገር ጥቂት ወደፊት ይገፋዋል፤ መማሪያ መጽሐፉ ለጀማሪ አቅልሎት ነው አለኝ። እንዳለ ነገርኳት። ደብተሯን ከፍታ “ሐሰት” የሚለውን ሳትሰርዝ ከጎኑ በትንንሽ ፊደል “ግን ትንሽ” ብላ ጻፈች።

“ፈተና ላይ እንደዚህ አይጻፍም” አልኳት።

“ለምን?” አለችኝ። ጠርሙሱ ከእግራችን ሥር ድንጋዩን እየነካ ከፍ ዝቅ ይል ነበር።