ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት

ማታ ዜና ላይ አንዱ ከተማ በርዕደ መሬት ፈራርሶ ሲታይ፣ ቡና ከሚጠጡት አንዱ «የት አገር ነው?» ይላል። ሩቅ መሆኑ ከታወቀ ከንፈር ይመጠጣል፤ ሁለተኛው ይቀዳል፤ ጣቢያው ወደ ኳስ ይዞራል። ለምን ቢባል፣ «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ይባላላ።

ተረቱ ሐሰት አይደለም። ሌሊት ምጥ ሲፋፋም የሚደርሰው ጎረቤት ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ናዳ ሰው ሲቀብር ቀድሞ የሮጠው የአካባቢው ሰው ነበር። ጭቃውን በዶማና በባዶ እጁ እየዛቀ ሳለ ሌላ ናዳ ወረደና ሊያወጣ የመጣውን ከተቀበረው ጋር ደረበው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ለቅርብ ጎረቤት ከዚህ በላይ ምስክር አይገኝም።

ነገር ግን ተረቱን የሚተርተው ማን ነው? መከራ የደረሰበት ሰው ነው፤ ማን ፈጥኖ እንደሚደርስለት እየመዘነ። እኛ ደህናዎቹ ስንተርተው ግን ምክርነቱ ይቀርና ሰበብ ይሆናል።

ከሰበብም የከፋ አለ። «የኃጢአታቸው ዋጋ ነው» የሚሉ አሉ፤ ያውም በእምነት ስም። የሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰዎች ሲሞቱ ክርስቶስ የነቀፈው ይህንኑ ሐሳብ ነበር። ሟቾቹ ከሌላው የባሱ በደለኞች እንዳልነበሩ ተናግሮ፣ ሰሚዎቹን ወደ ራሳቸው ንስሐ መለሳቸው። ይህ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ተጽፎ ሳለ ከየት አምጥተን እንደምንፈርድ አይገባኝም።

አሁን ወደ ሩቁ ዘመድ። መስከረም 9 ቀን 1978 ዓ.ም. ሜክሲኮ ሲቲ በርዕደ መሬት ተመታች፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። ኢትዮጵያ ያን ጊዜ ከሰባ ሰባቱ ረሃብ ገና አልወጣችም፤ የሰው እጅ የምታይ አገር ነበረች። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ግን 5,000 ዶላር ለሜክሲኮ ላከ። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ሲወረን ሜክሲኮ ወረራውን ተቃውማ ቆማ ነበርና፣ ውለታው ሃምሳ ዓመት አልተረሳም። አዲስ አበባ ላይ ሜክሲኮ አደባባይ ታክሲ የሚጠብቅ ሁሉ የቆመው በዚሁ ውለታ ስም ላይ ነው፤ ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥም «ኢትዮጵያ» የሚባል የባቡር ጣቢያ አለ።

5,000 ዶላር ያን ሁሉ ፍርስራሽ አያነሣም። ቢሆንም የተራበ አገር ከጎደለው ላይ ከቆረሰ፣ በልቶ የሚያድር ሰው «ሩቅ ናቸው» ብሎ ሊያመካኝ አይገባውም። ጸሎት የምታውቁ ጸልዩላቸው፣ ዱዓ የምታደርጉ አድርጉላቸው፤ ያለችውንም ጥቂት ላኩ።