ግድግዳው የማን ነው?

ቴሌቪዥንን ከጠረጴዛ ላይ አንሥቶ በግድግዳ መስቀል፣ ሽቦውንና ተጓዳኝ ዕቃውንም ከዐይን መሰወር የአናጢና የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጉዳይ እንጂ የሕሊና ጉዳይ አይደለም የሚል አንባቢ ይኖራል። እርግጥ ነው፤ ብሎን ማጥበቅ በራሱ ጽድቅም ኃጢአትም አይደለም። ይሁን እንጂ ሰፊ ቤት ያለው ሰው ብዙ ግድግዳ አለው፤ በአንድ ክፍል የሚኖር ቤተሰብ ግን ሁሉም ተቀምጦ የሚመለከተው አንድ ግድግዳ ብቻ ነው። በዚያ ላይ የተሰቀለ ነገር የቤተኛውንም የእንግዳውንም ፊት ወደ ራሱ ያዞራል። እንግዲህ «የት እንስቀለው?» የሚለው ጥያቄ «ፊታችንን ወዴት እናዙር?» የሚል ሌላ ጥያቄ በውስጡ ይዟል ማለት ነው።

አስቀድመን ስለ መሰወር እንናገር፤ ብዙዎች መደበቅን ሁሉ ከማታለል ይቆጥሩታልና። በደቡብ ጎንደር በእስቴ፣ በመካነ ኢየሱስና በአካባቢዋ ያደገ ሰው ጓዳ ምን እንደሆነ አይጠፋውም። ቤቱ ጠባብ ቢሆን እንኳ በመጋረጃ ወይም በአጥር ተከልሎ ምጣዱ፣ ማሰሮው፣ ጋኑና የእህሉ ዕቃ የሚቀመጥበት ስፍራ አይታጣም። እንግዳው በመደብ ላይ ሲቀመጥ ከመጋረጃው በስተጀርባ ጢስና ጥቀርሻ እንዳለ ያውቃል፤ ማንም አላታለለውም። የተከለለው እርሱ እንዲያርፍ ነው። የተጠላለፈውን ሽቦ፣ ሪሲቨሩንና የሶኬት ማከፋፈያውን በሣጥን ውስጥ ማስገባትም ከዚሁ ከጓዳ ሥርዓት የሚቆጠር ነው፤ ነውር የለበትም።

ነገር ግን ጓዳው የሚሰውረው ድካምን እንጂ አደጋን አልነበረም። በዛሬው ሥራ የሚያሳስበው ይህ ነው። ሽቦው በግድግዳ ውስጥ ከተቀበረ በኋላ እንዴት እንደተቀጠለ የሚያውቀው የሠራው ሰው ብቻ ነው። በእጅ ተጠምዝዞ በፕላስተር የተጠቀለለ መጋጠሚያ ውሎ አድሮ ይላላል፤ የላላ መጋጠሚያ ይግላል፤ በአጠገቡ ያለው ደግሞ ደረቅ ባሕር ዛፍና ጭድ ነው። በግልጽ የተዘረጋ ሽቦ ቢከፋ ዐይንን ያስቀይማል፤ የተደበቀ ስሕተት ግን ከዓመታት በኋላ፣ ምናልባትም ሌላ ተከራይ በገባበት ሌሊት፣ ዋጋውን ያስከፍላል። ስለዚህ የማይታየው ሥራ ከሚታየው ይልቅ ጠንክሮ ሊሠራ ይገባዋል፤ መጋጠሚያው ሊከፈትና ሊታይ በሚችል ሣጥን ውስጥ ይሁን። ሪሲቨሩም ሙቀት ያወጣልና የተቀመጠበት ሣጥን መተንፈሻ ያስፈልገዋል። ይህን ሳያደርግ በሚያምር ጂፕሰም ሸፍኖ ሒሳቡን የሚቀበል ባለሙያ የሸጠው መልክ ነው።

ወደ ቴሌቪዥኑ እንመለስ። በአገራችን የቴሌቪዥን ሥርጭት የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ለረጅም ዘመን ዕቃው ከባድ ሣጥን ስለነበረ ቡፌ ወይም ጠንካራ ጠረጴዛ ይፈልግ ነበር፤ በብዙ ቤትም በላዩ የጥልፍ ጨርቅ ወይም ዳንቴል ይለብስ ነበር። ያ ጨርቅ ለአቧራ ብቻ አልነበረም። ቡና ሲቀርብ ወይም ሽማግሌ ሲገባ ጨርቁ ይወርዳል፤ በሠፈሩ ለቅሶ ሲኖርማ ማን ይከፍተዋል! ጨርቁ የወረደበት ሣጥን ከቤቱ ዕቃዎች እንደ አንዱ ይሆናል፤ ሰዎችም እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። በግድግዳ የሚሰቀለው ስስ ቴሌቪዥን ግን ሽፋሽፍት የለውም። ቢጠፋም ጥቁር መስኮት ሆኖ ፊት ለፊት ይጠብቃል፤ ወንበሩ ሁሉ ወደ እርሱ ስለዞረም እንግዳውና ባለቤቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ባዶ መስታወት ያያሉ። (ጨርቁ እንደ ኋላ ቀርነት ተቆጥሮ ከየቤቱ ሲጣል ያዘነ ሰው አላየሁም፤ እኔ ግን አዝኛለሁ።)

በዚህ ምክንያት መስቀሉን አጥብቆ መንቀፍ ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በአዲስ አበባ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ ስቱዲዮ የሚባለው እጅግ ጠባብ ነው። በዚህ ውስጥ አልጋ፣ ወንበር፣ የቡና ረከቦትና ሦስት ነፍስ ሲኖር ጠረጴዛው የሚይዘው አንድ ክንድ ስፍራ ለልጅ መጫወቻ ሊሆን ይችላል። በየአገሩም ቴሌቪዥን ከጠረጴዛ ላይ ጎትተው በላያቸው የጣሉ ሕፃናት ተጎድተዋል፤ ሞተዋልም። በደንብ የተሰቀለ ቴሌቪዥን እንግዲህ ለሕፃኑ ደኅንነት ነው። «በደንብ» የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ጭቃ ብቻውን ብሎን አይዝም፤ ከምርጉ በስተኋላ ያለውን ቋሚ እንጨት ፈልጎ በሁለት ቋሚዎች ላይ ወፍራም ሳንቃ መምታት፣ ማንጠልጠያውን ብረትም በሳንቃው ላይ ማሰር ያስፈልጋል። ብሎኬትም ውስጡ ባዶ ነውና ለእርሱ የሚስማማውን ፊሸር ይሻል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ግን ግድግዳው የማን ነው የሚለው ነው። በአንድ ረድፍ በተሠሩ የኪራይ ክፍሎች ውስጥ የሚኖሩ መምህራንና ሠራተኞች ይህን ያውቁታል። የእኔ ግድግዳ የምለው በዚያ ወገን የጎረቤቴ ግድግዳ ነው፤ ቴሌቪዥኑን የሰቀልሁበት ስፍራ በእርሱ በኩል የሕመምተኛ ራስጌ ሊሆን ይችላል። ከጀርባው የሚወጣው ድምፅ ግድግዳውን ያንቀጠቅጣል፤ እኔ ዜና ስሰማ እርሱ ጉርምርምታ ይሰማል። አከራይም አለ፤ ሳያስፈቅዱ መሰርሰር፣ ሲለቁም ቀዳዳውን በካላንደር ሸፍኖ መሄድ ጥቂት ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን የሰው ንብረት ነው። በቤቱ ውስጥ ደግሞ ተማሪዋ ልጅ አለች፤ የምታጠናበት ሌላ ክፍል የላትም። ዐይኗን ከደብተሯ ባነሣች ቁጥር ሥዕሉ ይጠራታል። አያት አሉ፤ ቀድሞ በዚያ ግድግዳ ላይ የነበረውን የእመቤታችንን ሥዕልና የሟች ባለቤታቸውን ፎቶግራፍ ወደ በሩ ጥግ ማን እንዳዛወረባቸው አይጠይቁም፤ ዝም ይላሉ። ዝምታቸው ፈቃድ ተደርጎ ይቆጠራል።

እንግዲህ ምን ይደረግ የሚል ቢኖር፣ ማንጠልጠያው ከመገዛቱ በፊት በዚያ ክፍል የሚያድር ሁሉ ይጠየቅ፤ አያትና ተማሪዋ ቀድመው ይናገሩ። የሚመረጠው ግድግዳ ከጎረቤት ጋር የማንጋራው ይሁን። አናጢውም እንደ መስኮት የሚዘጋ ሁለት ተካፋች ያለው ሣጥን ቢሠራ ዋጋው ከጂፕሰሙ የሚበልጥ አይመስለኝም። ከላይና ከታች አራት አራት ጣት ለአየር ይተው፤ ሪሲቨሩና ሽቦውም በዚያው ውስጥ ይግቡ። በሁለቱ ተካፋች የውጭ ገጽ ላይ አያት የባለቤታቸውን ፎቶግራፍ ሊሰቅሉ ይችላሉ፤ ሣጥኑ በተዘጋ ጊዜ የሚታየው እርሱ ይሆናል።