ለአባትህ ቮልስ መጀመሪያ ፍሬን

ልጄ፣ የአባትህን ቮልስ አድሰህ ልትነዳት መነሣትህን ስሰማ ደስ ብሎኛል። አባቱ ያቆየለትን ለብረት ገዢ የሚሸጥ በበዛበት ጊዜ አንተ ልታድስ ማሰብህ ያስመሰግንሃል። አባትህም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቢያይህ ይመርቅህ ነበር። ዘመናዊ አደርጋታለሁ ብለህ የነገርከኝን ግን ልብ ብዬ አዳመጥኩህ፦ የአየር ማቀዝቀዣ፣ ትልቅ ቴፕ፣ በቁልፍ የሚወርድ መስኮት፣ ጉልበት ያለው ሞተር። ስለ ፍሬን አንድም አላነሣህም። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና እስቲ ከሥሩ እንጀምር።

የአሮጌ መኪና የመጀመሪያ ምቾቷ በፈለጉ ጊዜ መቆሟ ነው። ከሉማሜ ወደ ደብረ ማርቆስ ነድተህ ብትሞክራት ምንም የጎደላት አይመስልህም። አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ያለው መንገድ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ፍሬን እየረገጡ ሲወርዱ ታምቡሩ ይግላል፣ ሸራው መያዙን ይተዋል። የፍሬን ዘይቱ የቆየ እንደሆነ ደግሞ እርጥበት ስለጠጣ ይፈላል። ያኔ ፔዳሉ ከእግርህ ሥር ይለሰልስና ወለል ይነካል። እኔ በዚህ መንገድ ሳሽከረክር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ያጣ ሰው የሚያስበው ስለ ቴፕ አይደለም።

በፈረንጅ አቆጣጠር በ1950ዎቹ የተሠራች ቮልስ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለችም። ስታንዳርድ የሚባለው ፍሬኑ በሽቦ ገመድ የሚጎተት ነበር፤ ኤክስፖርት የሚባለው ከ1950 ጀምሮ በዘይት ነው። ያንተ የትኛው እንደሆነ መኪናዋን አንሥተህ ከሥር እይ። የዘይቱም ቢሆን መስመሩ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ አንዱ ጎማ ላይ ቱቦ ቢፈነዳ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። አበው “ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል” ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው። ባለሁለት መስመር የፍሬን ፖምፓ አስገጥም፤ የፊቱ ቢሄድ የኋላው ይይዝሃል። አቅምህ ከፈቀደ የፊት ጎማዎቹን ዲስክ ፍሬን አድርግ። ስትገዛ ግን ተጠንቀቅ፤ ከ1966 ሞዴል ጀምሮ የፊት አክስሉ ተቀይሯልና የኋለኛው ዘመን ዕቃ እንዳለ አይገባልህም። ለቀድሞው አክስል የተሠራውን ጠይቅ። ይህን ሁሉ አድርገህም ቁልቁለትን በከባድ ማርሽ ውረድ።

ቀጥሎ ቀበቶ ነው። በትከሻና በወገብ የሚያልፈውን ቀበቶ የቮልቮው መሐንዲስ ኒልስ ቦህሊን ያወጣው በ1959 ነው፤ ኩባንያውም ሌላው ሁሉ እንዲጠቀምበት ፈቀደ። የአባትህ መኪና ከዚያ በፊት የተሠራች ናትና የላትም። ስታስገጥም በስስ ላሜራ ላይ ብሎን አስረህ አትተው፤ ወፍራም ብረት ከኋላው አስበይድለት። ከዚያ መብራት። ባለ 6 ቮልት መብራት በክረምት ጭጋግ ከፊትህ ያለውን በሬ አያሳይህም። ወደ 12 ቮልት ስትቀይር ባትሪው ብቻ አይበቃም፤ ዲናሞው፣ ኮይሉ፣ አምፖሉ፣ ክላክሱ፣ የዝናብ መጥረጊያው ሞተር አብረው ይታያሉ። ሽቦውን በጥድፊያ አታስቀጥል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ በላላ ሽቦ ምክንያት መኪና ይቃጠላል። ለእያንዳንዱ መስመር የራሱ ፊውዝ ይኑረው።

አሁን ወደ ምቾቱ። የ1954 እና ከዚያ በኋላ ያሉት የዚያ ዘመን ሞተሮች 30 የፈረስ ጉልበት ናቸው። እኛ ያለንበት ከባሕር ወለል ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ስለሆነ፣ በአየሩ መሳሳት ከዚያ ጉልበት ከአምስት አንዱ ያህል ይቀነሳል። ከቀረው ላይ ለአየር ማቀዝቀዣ ብትቆርስ ዳገት ላይ ያስቀርሃል። ለሉማሜ ብርድ የሚያስፈልግህ ሂተር ነው፤ እሱ ደግሞ ከፋብሪካ አብሯት የመጣ ነው። ሙቀቱ የሚመጣው የጭስ መውጫውን ታክኮ ስለሆነ ያ ቱቦ ከተበሳ ጭሱ ውስጥ ይገባል። ቤት ዘግተው ከሰል አንድደው የተኙትን የሚገድለው ጋዝ በዚያ ጭስ ውስጥ አለ፤ ጋዙ ራሱ ሽታ የለውም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ ሂተሩን ከመክፈትህ በፊት ቱቦውን አስመርምር።

ትልቅ ሞተር ያልከውን ተወው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆንብሃል። የኋላ አክስሏ ለፍጥነት አልተሠራም፤ ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥርም ካልተስማማ ቦሎ ለማደስ ስትሄድ መከራህን ታያለህ። ያለውን ሞተር በደንብ አስጠግን፣ ካርቡራቶሩንም ለደጋ አየር እንዲስማማ አስተካክል፤ ይበቃሃል።

አካሏን ደግሞ አትቁረጥ። የኋላ መስኮቷ የእንቁላል ቅርጽ ያለው እንደሆነ ከ1953 እስከ 1957 የተሠራች ናት። ቮልስ በፈረንጅ አቆጣጠር እስከ 2003 ድረስ ሜክሲኮ ውስጥ ስትመረት ቆይታ ከ21 ሚሊዮን በላይ ስለተሠራች የሞተር ዕቃዋ አይጠፋም። ያ አካል ግን ተመልሶ አይሠራም። ሌላ ላስመጣ ብትል እንኳ በአገራችን ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ለድምፅ ማጉያ ብለህ በሯን ብትበሳ፣ “በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች” የተባለው ይደርስብሃል። የነዳጅ መለኪያ የላትም፤ ሞተሩ ማንገራገር ሲጀምር በእግር የሚዞር መዘውር አለ፣ መጠባበቂያውን ነዳጅ ይለቃል። መለኪያ ብትጨምር መልካም ነው፤ መዘውሩን ግን አትንቀል። የምታወልቀውን ዕቃ ሁሉ ስሙን ጽፈህ በሣጥን አስቀምጥ፤ ልጅህ እንደ ጥንቱ ልመልሳት ቢል መንገድ ይኑረው።

እንግዲህ ገንዘብህ ለሁሉም ካልበቃ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ፍሬን፣ ቀበቶ፣ መብራት፣ ሂተር። ቴፑ ከተረፈህ ነው። ሲያልቅ መካኒክህን ይዘህ ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ወርደህ ውጣ፤ ድልድዩ ጋ ስትደርስ ቁምና መዳፍህን ወደ ጎማዎቹ አስጠግተህ፣ ሳትነካ ሙቀታቸውን ለይ፣ የፍሬን ዘይት ያንጠባጠበ እንዳለም እይ። እናትህን በመኪናዋ የምታሳፍራት ከዚያ በኋላ ነው። መንገድህን ያቅናልህ፤ ወጥተህ በሰላም ግባ፤ ለልጅህም የምታወርሳት ያድርግልህ።