ቅናሽና አደራ፦ የሸማች የግል መረጃ በዋጋ ይተመናልን?

በበዓል ሰሞን ሻጭ ከዕቃው ዋጋ ላይ ጥቂት ቀንሶ በምላሹ የሸማቹን ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ የልደት ቀንና አድራሻ ሲጠይቅ፣ ነገሩ ሁለቱም ወገኖች ወደውና ፈቅደው የሚፈጽሙት ተራ ግብይት ይመስላል። ይሁን እንጂ ከዚህ ግብይት በስተጀርባ የሥነ ምግባር ፈላስፎችንም የሃይማኖት መምህራንንም የሚመለከት ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ሰው ስለ ማንነቱ የሚናገረውን መረጃ እንደ ማንኛውም ንብረት ሊሸጠው ይችላል ወይስ መረጃው ከሰብአዊ ክብሩ የማይነጠል ነው የሚለው ነው።

የግል መረጃ ሲባል አንድን ሰው ከሌላው ለይቶ ለማወቅ የሚያስችል ማንኛውም ነገር ማለት ሲሆን፣ ስምና ስልክ ቁጥር ብቻ ሳይሆኑ የባንክ ሒሳብ፣ የሚገኝበት ቦታና የገዛቸው ዕቃዎች ዝርዝርም በዚህ ውስጥ ይካተታሉ። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ እዚህ ግባ የሚባል አይመስልም፤ ተሰባስቦ ሲነበብ ግን ብዙ ያወራል። መድኃኒት፣ የሕፃን ልብስና የጾም ምግብ መቼና የት እንደተገዛ የሚያሳይ መዝገብ የሸማቹን ጤና፣ የቤተሰቡን ሁኔታና ሃይማኖቱን ሳይቀር ስለሚገልጥ፣ ሸማቹ ለማንም ያልተናገረውን ሻጩ ከደረሰኞቹ ይረዳል።

ጀርመናዊው ፈላስፋ አማኑኤል ካንት በ1785 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ ዋጋ ያለውን ነገር ክብር ካለው ለይቶ አስቀምጧል። በእርሱ አስተሳሰብ ዋጋ ያለው ነገር በአቻው ሊለወጥ ይችላል፤ ክብር ያለው ግን አቻ ስለሌለው ለልውውጥ አይቀርብም፤ ሰውም ከሁለተኛው ወገን ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 25 የተተረከው የኤሳው ታሪክ ከዚሁ ሐሳብ ጋር ይገናኛል። ኤሳው ብኩርናውን በምስር ወጥ የለወጠው ማንም በጉልበት አስገድዶት ሳይሆን፣ ደክሞትና ርቦት ሳለ የቅርቡን ጥቅም አይቶ የሩቁን በማቃለሉ ነው። የጥፋቱ ክብደትም ልውውጡ ርካሽ በመሆኑ ላይ ብቻ ሳይሆን፣ የተለወጠው ነገር ከመጀመሪያውም ለገበያ የማይወጣ በመሆኑ ላይ ነው።

ፈቃድ ሙሉ የሚሆነው ፈቃጁ የሚፈቅደውን ነገር ሲያውቅ፣ እምቢ ማለት ሲችልና ለማሰብ ጊዜ ሲኖረው ነው፤ የቅናሽ ገበያ ግን ብዙ ጊዜ ሦስቱንም ይነፍገዋል። በስልኩ ስክሪን ላይ ቅናሹ ሊያበቃ ዐሥር ደቂቃ እንደቀረው የሚያሳይ ሰዓት ወደ ኋላ እየቆጠረ፣ ከሥሩ ረጅም የውል ጽሑፍ በደቃቅ ፊደል ሰፍሮ፣ «እስማማለሁ» የሚለው ሣጥንም አስቀድሞ ምልክት ተደርጎበት ሲቀርብ፣ ሸማቹ የሚሰጠው ስምምነት የጣት እንጂ የልብ አይሆንም። ከዚህም በላይ የግብይት መተግበሪያው በስልኩ የተመዘገቡትን ቁጥሮች ለማየት ሲጠይቅና ሸማቹ ሲፈቅድ፣ አሳልፎ የሚሰጠው የእናቱን፣ የጎረቤቱንና የንስሐ አባቱን ስልክ ጭምር ነው፤ እነርሱ ግን አልተጠየቁም። ቅዱስ ቁርኣን በሱረቱ አን-ኑር ቁጥር 27 የሰው ቤት ሳያስፈቅዱ መግባትን፣ በሱረቱ አል-ሑጁራት ቁጥር 12 ደግሞ መሰለልን መከልከሉ፣ የሰውን ገመና መጠበቅ ኢንተርኔት ከመምጣቱ አስቀድሞ የታወቀ ግዴታ መሆኑን ያስረዳል።

መረጃው የማይሸጥ ከሆነ፣ ሸማቹ ለሻጩ የሚሰጠው አደራ ነው። አደራ ተቀባይ የተሰጠውን ለተሰጠበት ጉዳይ ብቻ ያውለዋል፣ ከራሱ ንብረት አስበልጦ ይጠብቀዋል፣ ጉዳዩ ሲያልቅም ይለቀዋል። አደራው ሳይጠበቅ ሲቀር የሚደርሰውን ጉዳት በ2013 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሆነው ያሳያል። ከምስጋና ቀን ማግስት «ብላክ ፍራይዴይ» በተባለው ታላቅ የቅናሽ ቀን ሰሞን፣ ታርጌት በተባለው የችርቻሮ ኩባንያ መደብሮች ከተጠቀሙ ሸማቾች ወደ 40 ሚሊዮን የሚደርስ የካርድ መረጃ፣ ከዚህም ሌላ እስከ 70 ሚሊዮን የሚደርሱ ደንበኞች ስም፣ አድራሻና ስልክ ተሰርቋል። ሌቦቹ የገቡት ለኩባንያው የማቀዝቀዣ ሥራ ይሠራ ከነበረ ተቋራጭ በሰረቁት የይለፍ ቃል ነበር። ኩባንያው በ2017 እ.ኤ.አ. ለ47 ግዛቶችና ለዋሽንግተን ዲሲ 18.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል፤ የተዘረፈ ካርድ በሌላ ሲተካ፣ አንዴ የወጣ ስምና አድራሻ ግን በገንዘብ ወደ ነበረበት አልተመለሰም።

የኢትዮጵያ ሕግም ይህን አደራ የመጠበቅን ግዴታ ይጋራል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት የመከበር መብትን የደነገገ ሲሆን፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ መረጃ ሰብሳቢዎች የሚመሩበትን ሥርዓት ዘርግቶ ቁጥጥሩን ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥቷል።

ኑሮ በተወደደበት ዘመን ቅናሽ ለድሃ እፎይታ ስለሆነ፣ መረጃን በመስጠት ጥቂት ብር ማትረፍ አይነቀፍም የሚል ክርክር ይነሣል። ክርክሩ በቀላሉ የሚጣል አይደለም፤ ሆኖም ባለጸጋው ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ገመናውን ሲሸፍን ድሃው ገመናውን ገልጦ እንዲሸምት የሚያደርግ ገበያ፣ ለሁሉም የተሰጠውን መብት ገንዘብ ላላቸው ብቻ ያደርገዋል። ስለዚህ ነቀፌታው ቅናሹን የፈለገውን ሸማች ሳይሆን ችግሩን አይቶ ከሚገባው በላይ የሚጠይቀውን ሻጭ ይመለከታል።

እንግዲህ ሻጭ ዕቃውን ለመሸጥና ለማድረስ ከሚያስፈልገው አልፎ አይጠይቅ፤ የተቀበለውንም ለሦስተኛ ወገን አይስጥ። ሸማችም የልደት ቀኑ ለምን እንደተፈለገ ይጠይቅ፤ የሚስጥር ቁጥሩንና በስልኩ የሚደርሰውን የማረጋገጫ ኮድ ሻጭ ነኝ ለሚል ለማንም አይንገር፤ የሌላ ሰው ስልክ ከመስጠቱ በፊትም ባለቤቱን ያስፈቅድ፤ በአደራ ሰጪውም ተቀባዩም ይጠየቃሉና።