ሁለተኛው ቁና

በደጋ አገር አንዲት ነቃሽ ነበረች። ከኩራዝ የጠረገችውን ጥቀርሻ በጥብጣ፣ መርፌዎቿን በክር አስራ፣ ከመንደር መንደር እየዞረች የልጃገረዶችን አንገት ትነቅሳለች። ዋጋዋ ሁለት ቁና ጤፍ ነው። አንዱን የነቀሰች ዕለት ትወስዳለች። ሁለተኛውን እዚያው ቤት ትተወውና በአሥራ አምስተኛው ቀን ተመልሳ አንገቱን አይታ ነው የምትቀበለው።

አንድ ቀን ሠርጓ ለተቃረበ ልጃገረድ እንደ ድሪ ሦስት ረድፍ ነቀሰችላት። ሲያልቅ እናትየው ሁለተኛውንም ቁና ሰፍራ አቀረበች።

«እንኪ እንጂ እትዬ፤ ሥራሽን ጨረስሽ አይደል?»

«የኔን ጨረስኩ፤ የሷ ገና ነው» አለችና ወደ ልጅቱ ዞረች። «ስሚኝ ልጄ። ጠዋት ማታ እጅሽን ታጥበሽ፣ ፈልቶ በበረደ ውሃ አለቅልቂው፤ እንዳትፈትጊው። ወንዝ ወርደሽ አትነከሪ። ፀሐይ አያግኘው፤ ስትወጪ ንጹሕ ነጠላ ጣል አድርጊበት። ቅርፊቱን አትንኪ፤ ቀኑ ሲደርስ ራሱ ይወድቃል።»

እናትየው ቅቤ ልትለድፍበት ስትል ነቃሿ እጇን ያዘቻት።

መጀመሪያ አንገቷ አበጠ፣ እዥ ቋጠረ። ልጅቱ ያንን ቻለችው። የከበዳት ስድስተኛው ቀን ነው። ሕመሙ ሄዶ ማሳከኩ መጣ፤ ያ የሚያምር መስመር ደግሞ አመድ የተነፋበት መሰለ፣ ተሰነጣጠቀ። በማግስቱ ገበያ ነው፤ ጓደኞቿ ሊያዩት ጓጉተዋል። ሌሊት በጥፍሯ ከመካከለኛው ረድፍ ቅርፊቱን አነሣችው። ጥቀርሻው አብሮ ተነሣ።

ነቃሿ በቀኗ መጣች። ዳርና ዳሩ አምሯል፤ መሐሉ ላይ ግን የጥፍር ያህል ቦታ ባዶ ነው።

«ዛሬውኑ ድገሚልኝ» አለች ልጅቱ እያለቀሰች።

«ባልጠና ቆዳ ላይ መርፌ አላሳርፍም።» ቁናውን ሳትነካ ሄደች።

ከሠርጉ በኋላ፣ ሁለት ወር ቆይታ መጥታ ክፍተቱን ሞላችው። ሙሽራዋ በዚህኛው ጊዜ ማሳከኩን ጥርሷን ነክሳ አሳለፈችው። በአሥራ አምስተኛው ቀን እናትየው ቁናውን ስታቀርብ፣ ነቃሿ ግማሹን በልጅቱ ነጠላ ላይ ገለበጠችው።

*

ይህን ምሳሌ የምነግረው ዛሬ በማሽን ለሚነቀሱ ልጆቻችን ነው። መሣሪያው ተለወጠ እንጂ ቆዳ ያው ቆዳ ነው። መርፌው የላይኛውን ሽፋን አልፎ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ይጠልቃል። ሰውነት ቀለሙን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ዋጭ ሴሎቹን ይልካል፤ እነሱ ይውጡታል፣ ሊፈጩት ግን አይችሉም፤ እንደያዙት እዚያው ይቀራሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ እንዳሳዩት፣ አንዱ ሴል ሲሞት የጣለውን ቀለም ሌላው ያነሣዋል። ንቅሳት ዕድሜ ልክ የሚኖረው በዚህ ቅብብል ነው። ነቃሿ ለልጅቱ ድርሻ መስጠቷ ትክክል ነበር፤ ሥዕሉን የሚይዘው የተነቀሰው ሰው አካል ነው።

ላይኛው ቆዳ ለመጠገግ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈልጋል፤ የውስጡ ወራት ይወስዳል። ብዙዎቹ የሚሳሳቱት እንደዚያች ልጅ ስድስተኛው ቀን አካባቢ ነው፤ ሲደበዝዝ የተበላሸ ይመስላቸዋል፣ ያኩታል፣ ወይም ቫዝሊን ይከምሩበታል። ሽታ የሌለው ሳሙና፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ስስ ቅባት ይበቃል። እንደኛ ባለ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ኬሎይድ የሚባለው ያበጠ ጠባሳ በቀላሉ ይወጣልና ቁስሉን መነካካት ያስፈራኛል። መቅላቱም በእኛ ቆዳ ላይ በደንብ አይታይም፤ ስለዚህ በእጅ ጀርባ ዳስሱት። ሙቀቱና ሕመሙ መቀነሱን ትቶ ከቀን ቀን ከባሰ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ከመጣ ወደ ሐኪም ነው የሚኬደው፤ ያኔ ስለ ሥዕሉ መጨነቅ ይቅር።

የእህቴ ልጅ ክንዷን ተነቅሳ በስድስተኛው ሌሊት ደወለችልኝ። «አላስችል አለኝ» አለች። ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክረሽ ጨምቂና፣ ከላዩ ሳትፈትጊ አሳርፊው አልኳት። ስልኩን ሳንዘጋ፣ እንቅልፍ እስኪወስዳት ስለ አያቷ አንገት ስናወራ ቆየን።