የሚያውቅ ሰው ዕዳ

በምሥራቅ ጎጃሟ ከተማ በጉንደ ወይን ላይ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ገደማ ነው። የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ገበሬም፣ ቄሱም፣ መምህሩም፣ ባለሱቁም ሰዓት የሚቆጥሩት ከንጋት ጀምረው ነው። አገሩ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ የዓመቱ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ከምናምን ብቻ ነው፤ ከንጋት መቁጠር ዓመቱን ሙሉ የሚያስኬደውም ለዚህ ነው። እንግዲህ አንድ የከተማዋ ወጣት ስማርት ሰዓት ገዛና ይኸው የአገሩ ሰዓት እጁ ላይ እንዲታየው ፈለገ እንበል። በእጁ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ቢመልሰው፣ ሰዓቱ ከስልኩ ወይም ከኮምፒውተሩ ጋር በተገናኘ ጊዜ ብዙ ጊዜ ሳይጠይቀው ወደ ነበረበት ይመለሳል። የሚቀረው መላ የሰዓት ቀጠናውን መቀየርና «የምኖረው ቦነስ አይረስ ነው» ማለት ነው።

ኢትዮጵያ ከግሪንዊች 3 ሰዓት ትቀድማለች፤ አርጀንቲና 3 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። ልዩነቱ ልክ 6 ሰዓት ነውና ቁጥሩ ይስተካከላል። ቀኑ ግን ይዛባል፤ ሰውየው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ ቢሮጥ ሩጫው በትናንትናው ቀን ይመዘገብለታል። ትክክለኛውን የአገሩን ሰዓት ለማየት ስለሚኖርበት አገር መዋሸት ግድ ሆነበት ማለት ነው። ለዚህ ውሸት ተጠያቂው ማን ነው?

ጥያቄው ሰዓቱን ከማገናኘቱ ሥራ ይጀምራል። የጋርሚን መመሪያ ሰዓቱ ከስልክ ጋር የሚጣመረው በኩባንያው መተግበሪያ በኩል እንጂ በስልኩ የብሉቱዝ ሴቲንግ እንዳልሆነ ይናገራል። ሰው ግን አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ብሉቱዙ ነው፤ የጆሮ ማዳመጫውን ያገናኘው በዚያ ነዋ! አፕል ዎች ደግሞ ሲጀመር የሚጣመረው ከአይፎን ጋር ነው፤ ላፕቶፕ ብቻ ያለው ሰው ምንም ቢያደርግ አይሳካለትም። በኬብል የሚሰካውም ቢሆን ሌላ ግራ መጋባት አለው። አንዳንዱ ኬብል ኤሌክትሪክ እንጂ መረጃ አያሳልፍም፤ ባትሪው ሲሞላ ያየ ሰው ሁሉም ነገር የሠራ ይመስለዋል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ግን ምንም የለም። እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው የሚወቅሰው ራሱን ነው። «እኔ ቴክኖሎጂ አይገባኝም» ብሎ ለልጁ ወይም ለጎረቤቱ ይሰጠዋል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ዶናልድ ኖርማን እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመው መጽሐፍ የተቃወመው ይህን ራስን መውቀስ ነው፤ ሰዎች በዕቃ ሲሳሳቱ አብዛኛውን ጊዜ ስሕተቱ ያለው በዕቃው አሠራር ላይ ነው ይላል።

ኖርማን ነገሩን በዕቃ አሠራር ዐይን አየው። ጉዳዩ ግን የሥነ ምግባርም ነው፣ የሃይማኖትም። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በላከው 1ኛ መልእክት 14ኛ ምዕራፍ ላይ ሰሚው ስለማይረዳው ንግግር ሲከራከር ሸክሙን የጫነው በተናጋሪው ላይ ነው፤ ሰሚው ስላልገባው አይወቀስም። የኦሪት ዘሌዋውያን 19ኛ ምዕራፍም በዕውር ፊት መሰናክል ማኖርን ሲከለክል ዕውሩ ተጠንቅቆ ይሂድ አላለም። ማወቅ ዕዳ ያመጣል፤ ዕዳውም የሚከፈለው ላላወቀው ሰው ግልጽ በማድረግ ነው።

ይህ ዕዳ በምሥራቅ ጎጃም አድባራት ለዘመናት ሲከፈል ኖሯል። የቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት የሆነውን ባሕረ ሐሳብን ያየ ሰው ሒሳቡ ቀላል እንዳልሆነ ያውቃል። የ2017 ዓ.ምን አጽዋማት ለማግኘት 5500 ዓመተ ዓለም ይደመርበትና 7517 ይሆናል። ይህ ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 11 ነው። ወንበሩን በ11 አባዝተው በ30 ሲገድፉት አበቅቴው 1 ይወጣል፤ በ19 አባዝተው በ30 ሲገድፉት መጥቅዑ 29 ይሆናል። መጥቅዑ የሚውልበት መስከረም 29 ረቡዕ ስለሆነ የረቡዕ ተውሳክ 4 ይጨመርበታል፤ 33 ይሆናል፤ 30 ሲገደፍ 3 ይቀራል። ጾመ ነነዌም የካቲት 3 ቀን ትገባለች፤ ትንሣኤም ከእርሷ 69 ቀን ቆጥሮ ሚያዝያ 12 ይውላል። ይህን ሁሉ የሚሸከመው ሊቁ ነው። መስከረም 1 ቀን በየቤተ ክርስቲያኑ ለሕዝብ የሚታወጀው የዓመቱ በዓላትና አጽዋማት መቼ እንደሚውሉ ነው። አንዲት እናት አበቅቴ ምን እንደሆነ ሳታውቅ ጾሟን በቀኑ ትይዛለች፤ ማንም አላዋቂ አይላትም። በመስጊድም ነገሩ እንዲሁ ነው። የፈጅር ሰዓት የሚታወቀው ገና ያልወጣችው ፀሐይ ከአድማስ በታች ባላት ርቀት ነው፤ ምእመኑ የሚሰማው ግን አዛኑን ነው።

የሰዓቱ ሠሪዎች የተገላቢጦሹን ነው ያደረጉት። ለእነርሱ 6 ሰዓት መቀነስ ከአንድ መስመር ኮድ አይበልጥም፤ ያችን ስሌት ግን ለጉንደ ወይኑ ወጣት ትተውለታል፤ እርሱም በቦነስ አይረስ በኩል ዞሮ ይፈልጋት።

እዚህ ላይ ጎጃም ውስጥ ሊነሣ የሚችል ጠንካራ ክርክር አለ። ከጉንደ ወይን ብዙም በማይርቁት በዲማ ጊዮርጊስና በደብረ ወርቅ ቅኔ የሚቆጥር ተማሪ የሚፈልገው የተሰወረውን ነው። ወርቁን በሰሙ ውስጥ መሰወር ጥበብ ከሆነ፣ ያለ ድካምም እውቀት ከሌለ፣ መሣሪያው ቢያስቸግር ምን ክፋት አለው? መልሱ ያለው በዚያው በቅኔ ቤት ነው። ተማሪው ችግሩን ወዶ፣ ቤቱን ትቶ፣ ኮቸሮ ለምኖ የመጣበት ነው። ከፊቱም መምህር አለ፤ ቢያቅተው ምሥጢሩን ይፈታለታል፣ ቢሳሳት ያርመዋል። ስማርት ሰዓት የገዛ ሰው ግን የልብ ምቱን ሊያይ፣ የሄደበትን ሊለካ ነው የመጣው፤ ምሥጢር ሊፈታ አልመጣም፤ የሚጠይቀውም መምህር የለውም።

ችግር ሁሉ ክፉ ነው ማለት አይደለም። ሁለት መሣሪያዎች ሲጣመሩ በሁለቱም ላይ ባለ 6 አኃዝ ቁጥር ወጥቶ «አንድ ዓይነት ነው?» ብሎ የሚጠይቅበት አሠራር ሰውን ጥቂት ያዘገያል፤ ግን የሌላ ሰው መሣሪያ በመሀል እንዳይገባ ይጠብቀዋል፤ ለምን እንደሚጠይቅም ማስረዳት ይቻላል። እንዲህ ያለው ችግር ለባለቤቱ የቆመ ነው። የሰውን ሰዓት ሳይጠይቁ መለወጥ ግን ማንን ይጠብቃል?

የሚያሳዝነው ደግሞ ከባዱ ሥራ መሠራቱ ነው። የዓለም ኮምፒውተሮች ፊደልና ቀን የሚጽፉበት የዩኒኮድ ደረጃ የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር ከእነ 13ቱ ወራት ይዟል። ከዚያም አልፎ በዓመተ ዓለም የሚቆጥረውን፣ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት 5500 የሚደምሩበትን ሒሳብ፣ ለብቻው መዝግቦታል። ይህን ያስገቡት ሰዎች ዕዳቸውን ከፍለዋል፤ ሊመሰገኑ ይገባል። የቀረው ሥራ በሰዓቱ መስታወት ላይ «በኢትዮጵያ ሰዓት አሳይ» የሚል አንድ ምርጫ ማስቀመጥ፣ ሲነካም ከስልክ ወይም ከኮምፒውተር ጋር በተገናኘ ቁጥር እንዳይጠፋ ማድረግ ነው። ለአንዳንድ ሰዓቶች ገጽታ መሥራት ለማንኛውም ፕሮግራመር ክፍት ስለሆነ የመጀመሪያው እርምጃ የኩባንያዎቹን ፈቃድ እንኳ አይጠብቅም፤ ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር ኮምፒውተር የሚማር ተማሪ ለመመረቂያው ሊይዘው ይችላል።