ደመወዝ ቁጥር ነው ወይስ እንጀራ?

በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ ከዩኒቨርሲቲ በዲግሪ የተመረቀ ወጣት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥራ ሲጀምር መነሻ ደመወዙ 500 ብር ነበር። በደርግ ዘመንም ለአዲስ ምሩቅ የሚጻፈው የቅጥር ደብዳቤ ያንኑ 500 ብር ይዞ ዘለቀ። ቁጥሩን የነካው የለም፤ መንግሥትም በደብዳቤ ከገባው ቃል አንዲት ሳንቲም አላጎደለም። ሆኖም የመጀመሪያው ምሩቅ በዚያ ብር ቤት ተከራይቶ፣ ሱፍ ልብስ አሰፍቶ፣ ለእናት ለአባቱም ቆርጦ የሚተርፈው ሲሆን፣ የመጨረሻው ምሩቅ ወሩን ለመድፈን የሚጨነቅ ሆነ። ታዲያ ቃሉ ተጠብቋል ወይስ ፈርሷል?

ጥያቄው የሒሳብ ይመስላል፤ ሥሩ ግን የሥነ ምግባር ነው። ሕዝቡ «ደመወዝ» የሚለውን ቃል ደምና ወዝ ብሎ ይፈታዋል። የቋንቋ ሊቃውንት በአፈታቱ ይስማሙም አይስማሙም፣ የሚያመለክተው እውነት ግን አለ። ሠራተኛው የሚሰጠው ነገር አይሳሳም፤ የወሩ ሠላሳ ቀን ሠላሳ ቀን ነው፣ ላቡም ያው ላብ ነው። በምላሹ የሚቀበለው ነገር ግን መለኪያው ራሱ ከዓመት ዓመት የሚያጥር ነው። ጨርቅ ሻጭ ክንድ ቢያሳጥር ሌባ ይባላል፤ እህል ሻጭ ቁናውን ቢያጎድል ይረገማል። ብር ሲያጥር ግን ጣት የሚቀሰርበት ሰው አይገኝም። አሪስቶትል ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፉ ገንዘብን የነገ ልውውጥ ዋስ ያደርገዋል፤ ዛሬ የማይሻውን ነገር ሰው ነገ ሲሻው እንዲያገኝ የሚዋስለት ገንዘብ ነውና። ወዲያውም ዋሱ ራሱ እንደማንኛውም ዕቃ ዋጋው ከፍ ዝቅ እንደሚል፣ ይሁንና ከሌላው ይልቅ ወደ መርጋት እንደሚያደላ ያክላል። ዋሱ የከዳ እንደሆነ ዕዳው በማን ይውደቅ የሚለው ለኋለኞቹ የቀረ ጥያቄ ነው።

በአገራችን የቆየው ሥርዓት ይህን ችግር በሌላ መንገድ ፈትቶት ነበር። ወታደሩና የቤተ መንግሥቱ ባለሙያ ቀለብ ይሰፈርለት፣ ድርጎ ይቆረጥለት ነበር። ቀለብ የሚበላ ሰው የገበያ ዋጋ አያሳስበውም፤ አንድ ቁና ጤፍ በጥጋብም ዘመን በራብም ዘመን አንድ ቁና ነው። ዛሬ «ደመወዝን ከዋጋ ጋር ማቆራኘት» የሚባለው ሐሳብ እንግዲህ በሌላ ስሙ ቀለብ ነው ማለት ይቻላል። ግን ያ ጤፍ ከየት ይመጣ ነበር? ከገባሩ አውድማ። ዝናብ በቀረበት ዓመት የባለ ቀለቡ ቁና ሳይጎድል ሲሰፈር፣ የሚጎድለው የገባሩ ጎተራ ነበር። ባለ ቀለቡ የዳነው ጉዳቱ ስለጠፋ ሳይሆን ወደ ሌላ ሰው ቤት ስለተላለፈ ነው። ስለ ደመወዝና ስለ ዋጋ ንረት የሚነገረው ክርክር ሁሉ በመጨረሻ ተመልሶ የሚመጣው እዚህ አውድማ ላይ ነው።

ቀለብን በወረቀት ገንዘብ ዘመን መልሶ ለማምጣት ከሞከሩት ቀደምቶች አንዱ የአሜሪካው የማሳቹሴትስ ግዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ1780፣ በነጻነቱ ጦርነት መካከል፣ የወረቀት ገንዘቡ ዋጋ ሲያጣ ለወታደሮቹ ልዩ የዕዳ ሰነድ ሰጣቸው። የሚከፈላቸው የገንዘብ መጠን ቡሼል በሚባለው መስፈሪያ 5 ቡሼል በቆሎ፣ 68 ከ4/7 ፓውንድ የበሬ ሥጋ፣ 10 ፓውንድ የበግ ፀጉርና 16 ፓውንድ የጫማ ቆዳ በጠቅላላው በሚያወጡት ዋጋ ልክ ከፍ ዝቅ እንዲል ተጻፈላቸው። የሥጋዋን 4/7 እንኳ ሳይዘነጋ የጻፈው ጸሐፊ ትዕግሥቱ ያስደንቃል። ወታደሩ የተዋጋው ለቁጥር እንዳልሆነ ግን ሰነዱ በግልጽ አምኗል።

ነገሩን እስከ ጫፍ ድረስ ገፍታ፣ በአደባባይ ተሟግታበትና ደም ፈስሶበት ያየችው አገር ግን ጣሊያን ናት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ ጀምሮ የጣሊያን ሠራተኛ ደመወዝ «ስካላ ሞቢሌ» በሚባል ሥርዓት ከዋጋ ጋር ተያይዞ ነበር፤ ትርጉሙ ተንቀሳቃሽ ደረጃ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የአሠሪዎች ማኅበር መሪ የነበሩት ጃኒ አኜሊና የትልቁ ሠራተኛ ማኅበር መሪ ሉቻኖ ላማ ባሉበት ስምምነት ሥርዓቱ ተጠናከረ፤ የዋጋ ጠቋሚው አንድ ነጥብ በጨመረ ቁጥር ለሁሉም ሠራተኛ እኩል ሊሬ እንዲጨመርም ተወሰነ። ለጽዳት ሠራተኛውም ለመሐንዲሱም ያው ሊሬ ነው። እንጀራ ለሁሉም አንድ ነውና በዚህ ውስጥ ፍትሕ አለ። ነገር ግን ዋጋ በናረ መጠን በባለሙያውና በተራው ሠራተኛ መካከል የነበረው ልዩነት እየጠበበ ሄደ፤ ዐሥር ዓመት ሙያ የተማረው ሰውም የተማረበት ዓመት ዋጋ አጣ ብሎ ማጉረምረም ጀመረ። እርሱም እውነት አለው።

ከዚህ የከበደው ግን ሌላው ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ነዳጅ በአንድ ጊዜ ሲወደድ ጣሊያን በጠቅላላው ደኸየች፤ ለዚያው በርሜል ብዙ ጨርቅና ብዙ መኪና ወደ ውጭ መላክ ግድ ሆነባት። ደመወዝ ከዋጋ ጋር ተቆራኝቶ ሳለ «ይህን ድህነት ሠራተኛው አይቀምሰውም» ማለት፣ አሠሪው ወይም የመንግሥት ካዝና ወይም ገና ሥራ ያላገኘው ወጣት ይቅመሰው ማለት ነው። አሠሪውም በበኩሉ ዋጋ ጨመረ፤ ዋጋው ጠቋሚውን አስነሣ፣ ጠቋሚው ደመወዙን፣ ደመወዙም እንደገና ዋጋውን። እ.ኤ.አ. በ1980 የዋጋ ንረቱ ከ20 በመቶ አለፈ። ለዚህ ሁሉ ጥፋተኛው ደረጃው ብቻ ነው ማለት ግን ሐሰት ነው፤ ደረጃው ከሌላ ስፍራ የመጣን ዕዳ ከእጅ እጅ የሚያቀባብል መሣሪያ ነበር።

ኤዚዮ ታራንቴሊ የተባለ የምጣኔ ሀብት መምህር ለዚህ መላ አለኝ አለ። ደመወዝ ባለፈው ንረት ልክ ከሚጨምር ይልቅ፣ መንግሥት፣ አሠሪና ሠራተኛ ተሰብስበው ለሚመጣው ዓመት ዝቅ ያለ የንረት ግብ ይቁረጡና ደመወዝ በዚያ ልክ ይጨመር፤ ሁሉም ካመነና በዚያው ከሠራ ንረቱ በርግጥ ይወርዳል፣ ሠራተኛውም አይጎዳም ባይ ነበር። ሐሳቡ በቀመር የተጻፈ ቢሆንም መሠረቱ እምነት ነው። ማን ቀድሞ እጁን ይዘርጋ? ሠራተኛው ቀድሞ ጭማሪውን ቢተውና ነጋዴው ዋጋውን ባይተው የሚታለለው አንዱ ወገን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1984 የቤቲኖ ክራክሲ መንግሥት ከተንቀሳቃሹ ደረጃ ጥቂት ነጥቦችን በአዋጅ ቆረጠ፤ ሁለቱ የሠራተኛ ማኅበራት ሲስማሙ የሦስተኛው ትልቁ ማኅበር ኮሚኒስት ወገን አልቀበልም አለ። መጋቢት 27 ቀን 1985 ታራንቴሊ በሮም ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ጨርሶ ወደ መኪናው እንደገባ የቀይ ብርጌድ ታጣቂዎች ገደሉት። ሰው ስለ ደመወዝ ስሌት በጻፈው ሐሳብ ይገደላል ቢባል ማን ያምን ነበር? ሦስት ወር ሳይሞላ በሰኔ ወር ሕዝቡ በድምፀ ውሳኔ ተጠየቀና 54.3 በመቶው ቅነሳው እንዲጸና ፈረደ። አብዛኛው ደመወዝተኛ በሆነበት አገር ከመራጩ የሚበዛው ከገዛ ደመወዙ ላይ እንዲቆረጥ ድምፅ ሰጠ ማለት ነው። ይህ አእምሮን የሚያስጨንቅ ነገር ነው። አንዳንዱ ተታለለ ይላል፤ አንዳንዱ አመዛዘነ ይላል። ቢያንስ ግን ተጠይቋል።

ያልተጠየቀው ሕዝብ ዕጣ ከዚህ የተለየ ነው። ኬንስ እ.ኤ.አ. በ1936 ባሳተመው መጽሐፉ እንዳመለከተው ሠራተኛ ደመወዙ በገንዘብ ሲቆረጥ ይነሣል፤ ዋጋ ጨምሮ ደመወዙ በዝምታ ሲያንስ ግን እንደዚያ አይነሣም። የመጀመሪያው በየተራ ይመታል፣ አንዱን ከሌላው ያሳንሳል፤ ሁለተኛው ሁሉን በአንድነት ይመታል። ባለሥልጣን ይህን ሲረዳ የሚመጣበት ፈተና ግልጽ ነው። ደመወዝ ከሚቆርጥ አዋጅ ይልቅ ደመወዝን የሚበላ ዝምታ ይቀለዋል።

ዝምታው ደግሞ ሁሉን እኩል አይመታም። ሕግ ሳይወጣለት ራሱን ከዋጋ ጋር ያቆራኘ ሰው በየከተማው አለ። ነጋዴው የዕቃውን ዋጋ በማለዳ ይለውጣል፤ አንዳንዱ የቪላ ባለቤት ኪራዩን በዶላር ያስባል፤ ከፍ ያለው ባለሙያም ከውጭ ድርጅት ጋር በውጭ ምንዛሪ ይዋዋላል። ለመምህሩ፣ ለነርሱ፣ ለጡረተኛው ደመወዝን ከዋጋ ጋር ማቆራኘት «አደገኛ ነው፣ ንረት ያባብሳል» ሲባል፣ ለእነዚያ ግን ማንም አደጋውን አያነሣባቸውም። ክርክሩ ውስጥ ትልቁ ግብዝነት ይህ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ ቀደምም በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ ዓመታዊ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ለመንግሥት ሠራተኛ የተደረገው ማስተካከያ ዝቅተኛውን ደመወዝ ወደ 4,760 ብር ሲያሳድግ፣ ከፍተኛውን ከ20,468 ወደ 21,492 ብር ብቻ አደረሰው። የጣሊያኖቹ የእኩል ሊሬ ሐሳብ መሆኑ ነው፤ እንጀራ የጎደለበት ይቅደም ማለት ነው። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ ዝቅተኛው ወደ 6,000፣ ከፍተኛው ወደ 39,000 ብር ወጣ፤ የሙያ ልዩነትም ተመለሰ። ሁለቱ ውሳኔዎች በአንድ ዓመት ልዩነት ሁለት የተለያዩ የፍትሕ ሚዛኖችን ተከትለዋል። የትኛው ሚዛን ለምን እንደተመረጠ በአደባባይ የተካሄደ ሙግት ቢኖር ኖሮ፣ ከጭማሪው ባልተናነሰ ይጠቅም ነበር።

ጭማሪ ከመድረክ ሲነገር ደግሞ ሌላ መልክ ይይዛል። በኬንያ የዝቅተኛ ደመወዝ ጭማሪ በሠራተኞች ቀን በመሪው አንደበት መታወጁ የተለመደ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 5 በመቶ ከተጨመረ በኋላ ቀጣዩ 12 በመቶ የመጣው በ2022 ነበር። በመካከሉ ያሉትን አራት ዓመታት ገበያው አልጠበቀም። ሕዝቡ ያጨበጭባል፤ የተጨበጨበለት ግን አብዛኛው አስቀድሞ የተወሰደው ሲመለስ ነው። መብት በዚህ መንገድ ስጦታ ይመስላል፣ ተቀባዩም አመስጋኝ ይሆናል።

ስለ ግብር የሚነገረው ከዚህም ይጠብቃል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ እስከ 600 ብር የሚደርሰውን የወር ደመወዝ ከግብር ነጻ ሲያደርግ፣ ከ10,900 ብር በላይ ያለውን ደግሞ 35 በመቶ ያስከፍል ነበር። ድንበሮቹ እስከ 2017 ዓ.ም. ሳይነቃነቁ ቆዩ፤ በዚያ ዓመት ነጻው ወደ 2,000፣ የላይኛው ወደ 14,000 ብር ከፍ አሉ። በእነዚያ ዘጠኝ ዓመታት ዋጋን ለማካካስ ጥቂት ብር የተጨመረለት ሰው ሁሉ፣ አንድ ተጨማሪ እንጀራ ሳይበላ ወደ ከፍተኛው የግብር እርከን እየተገፋ ወጣ። ይህን ጭማሪ ግብር የደነገገ አዋጅ የለም፤ የመከረበት ምክር ቤትም የለም።

ከደመወዝተኛው በታች ያሉት ግን ከነጭራሹ ከደረጃው ውጭ ናቸው። ቀን ሠራተኛው፣ ጉሊት ቸርቻሪዋ፣ የቤት ሠራተኛዋ የሚቆራኙበት ደብዳቤ የላቸውም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ደንግጓል፤ ሽንኩርት ግን ቦርድ አይጠብቅም። መንግሥት ለሠራተኛው ቁና ሳያጎድል ሲሰፍር ገንዘቡን በማተም ያገኘው እንደሆነ፣ የዚህ ዘመን ገባር እነርሱ ናቸው። በዚህ ምክንያት ቁናው ይቅር ማለት አይገባም፤ ከማን አውድማ እንደሚሰፈር ግን በግልጽ ይነገር።

ይህንን ጉዳይ የአገራችን ሰው ከዕቁብ ያውቀዋል። ዐሥር ሰዎች በየወሩ አንድ አንድ ሺህ ብር ቢጥሉ የመጀመሪያው ዕጣ ባለቤት 10,000 ብሩን ዛሬ ይበላል፤ ዐሥረኛው ያንኑ 10,000 ብር ከዘጠኝ ወር በኋላ፣ ብሩ ከሳ ብሎ ይረከባል። አባላቱ ይህን ሳያውቁት ቀርተው አይደለም፤ ያውቃሉ፣ ለዚህም ነው የቸገረው ሰው የሌላውን ዕጣ ሲገዛ ላይ ታች ብሎ የሚከራከረው። ማንም ግን ከኋላዬ ተበላሁ ብሎ አይጮኽም። በዕቁቡ ቀን ሁሉም ይሰበሰባል፤ ዳኛው ስሞቹ የተጻፉባቸውን ቁራጭ ወረቀቶች ጠቅልሎ በባርኔጣ ውስጥ ያናውጣል፤ ከደጅ የሚጫወት ሕፃን ተጠርቶ ይገባና በሁሉም ፊት አንዷን ያወጣል።